በላም ጅራት የመጣ ሜዳይ

ወንድሜ ቢሻው ሜዳይ ተሸልሞ ከጦር ሜዳ ሲመለስ፣ በምን ምክንያት እንደ ተሸለመ የሚያውቅ ሰው በአገራችን አንድም አልነበረም። እኔ ጠይቄዋለሁ። ከወረታ አውቶቡስ ተራ ተቀብዬው፣ ጭቃ ለጭቃ ሦስት ሰዓት ስንጓዝ መንገዱን ሙሉ ጠይቄዋለሁ። "በጦርነት ነዋ" ይለኛል። "እኮ በጦርነት ምን አድርገህ?" ስለው "እንደ ሰው ሆኜ ነዋ" ይላል። እንዲህ ያለ መልስ ለእኔ! እኔ እኮ ወሬ ሳልጨርስ እህል የማይወርድልኝ ሰው ነኝ።

ዘመኑ ሐምሌ 1971 ነው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ባሌን ጥዬ እናቴ ቤት ከገባሁ ስድስት ወር ሆኖኛል፤ ደስታዬ ልክ የለውም። ቢሻው በእናት አገር ጥሪ ጊዜ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ፣ ሦስት ወር ሰልጥኖ፣ እግረኛ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የዘመተ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናታችን ወለተ ሚካኤል ራዲዮ ካለው ቤት ሁሉ ደጅ ስትጠና ኖረች። አሁን መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ደረቱ ላይ ክብ የሚያብረቀርቅ ነገር ተንጠልጥሏል። እናቴ ጉንጩን ሳመች፣ ሜዳዩን ሳመች፣ ከዚያ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ሁሉ ሳመች።

እሱ ዝም ባለ ቁጥር ወሬው እያበጠ ሄደ። ወረታ ላይ ካድሬው መድረክ ላይ አቁሞት "ይህ ጓድ ጠላትን ደምስሶ የመጣ ነው!" ብሎ አስጨበጨበለት። ቅዳሜ ገበያ ላይ አምስት ታንክ አቃጠለ ተባለ። ወሬው ሐሙሲት ሲደርስ ታንኮቹ አሥራ ሁለት ሆነው፣ የመጨረሻውን በቡጢ ነው የሰበረው ተባለ። እኔም ከገበያ ስመለስ አንድ ሁለት ታንክ ሳልጨምርበት አልቀረሁም። ቢሻው ይህን ሁሉ እየሰማ አንገቱን ደፍቶ አጥር ያጥራል።

ሜዳዩን የሚፈልገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ጉዳዩም ገላነሽ ትባላለች።

ገላነሽ ከርብ ወንዝ ማዶ በይፋግ በኩል ያለ ቤት ልጅ ናት። በበጋ ርብን በእግራችን ነው የምንሻገረው፤ እሷና ቢሻው የተዋወቁትም ከብት ውሃ ሲያጠጡ ነው። ከመዝመቱ በፊት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ አያ አዛናው ግን "ልጀን ለጀግና ነው የምሰጥ። ዘምቶ ይመለስና እናያለን" ብሎ ሽማግሌዎቹን ሸኛቸው። እንግዲህ ይኸው ተመለሰ። ግን እሱ ኦጋዴን ሳለ ከአዲስ ዘመን ከተማ አንድ ባለ ወፍጮ ሰውዬ ለገላነሽ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። አያ አዛናው ለሁለቱም ወገን "ፍልሰታ ሳይገባ ቃሌን እሰጣለሁ" ብሏል። ፍልሰታ ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ስለ አያ አዛናው መናገር አለብኝ። የፋርጣ ደገኛ ነው፤ ይፋግ የወረደው በሚስት ነው። በጣልያን ጊዜ አርበኛ ነበር፤ ከአንድ የጣልያን መኮንን የገፈፈውን ካፖርት ክረምት ከበጋ ከላዩ አይጥልም። በሠርግ ይፎክራል፣ በክርስትና ይፎክራል፣ አንዴ ፍትሐት ላይ ሊፎክር ሲል ቄሶች ናቸው የያዙት። "ፈራሁ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ውሃ የሚያውቀው ግን በገንቦ ነው። ቤቱ ከእኛ ቤት ማዶ ሆኖ ሰው ሲጣራ እየተሰማ፣ ክረምት ሲሆን ወደ እኛ የሚመጣው በመኪናው መንገድ ድልድይ ዞሮ፣ ሙሉ ቀን ተጉዞ ነው።

ለሐምሌ ሥላሴ እናቴ ዝክር ነበራት። አያ አዛናውን "ሜዳዩንም ያያሉ፣ ጠላም ይቀምሳሉ" ብላ አስጠራችው። ቅዳሜ በበዓሉ ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ደረሰ። ሰው ቤቱን ሞልቶታል። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ፣ የደብራችን መሪጌታ፣ ዝክሩን ባርከው ከራስጌ ተቀመጡ። ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ አያ አዛናው ጢሙን ጠረገና ወደ ቢሻው ዞረ።

"በል እንግዲህ ተነሥና ፎክር" አለው።

ልማዳችን ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ብድግ ብሎ፣ ዘሎ፣ ማንን እንደ ጣለ በግጥም ይናገራል። ሳይፎክር የተቀመጠ ዘማች፣ የዘመተው ወጥ ቤት ነው ይባላል። ቢሻው ግን አልተነሣም። አያ አዛናው "እንዴት እንደ ሆነ ላሳይህ" ብሎ ተነሣና እየተንጎራደደ ፎከረ። ዱላውን ሲሰብቅ ከጣራው ሣር አረገፈ፣ የእናቴንም ጋን ለጥቂት ሳተው። እኔ እልልታዬን አቀለጥሁት።

"አሁን አንተ" አለ እያለከለከ። "ስንት ገደልህ?"

ቢሻው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "አላውቅም፤ ገደልሁ የምለው የለም" አለ። "ተኩሻለሁ። ጥይቱ የት እንደ ወደቀ እግዜር ይወቅ። ሜዳዩን የሰጡኝ በላም ጅራት ነው።"

ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ቢሻው ግን አልሳቀም። እስከዚያ ቀን የደበቀንን ነገር እዚያው ጀመረ።

"ሚያዝያ ነበር። እኛ ካለንበት ሳይዘንብ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ደራሽ መጣበት። ሠላሳ ስምንት ሆነን ከወዲህ ቀረን፤ ወገን ከወዲያ ነው። ጠላት ከኋላችን እየመጣ ነው፤ የመኪናው ድምጥ ይሰማል። ጓደኞቸ የመንዝና የላስታ ልጆች ናቸው፤ ተራራ ስጣቸው፣ ውሃ አትስጣቸው። የመቶ አለቃው ገመድ ሊያስር ሞከረ፤ ገመዱን ውሃው ወሰደው። እኔ ዞር ስል ግመል አየሁና፣ እንዳገሬ ላም ያሻግረኛል ብየ ጅራቱን ያዝሁ።"

"ግመል!" አለች እናቴ።

"ግመል ለካ ጅራቱን ሲይዙት አይወድም። በርግጫ ብሎ ወንዙ ውስጥ ጨመረኝ።"

እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታም ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"ስወጣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ከብት አየሁ። ሃምሳ ያህል ይሆናል፤ ባለቤቶቹ ተኩሱን ሸሽተው የተዉት ነው። ጥጃ አላቸው። ጥጃዋን ከፊት ካሻገሩ እናቷ ትከተላለች፤ እናቷ ከገባች መንጋው ይከተላል። ይህን እዚህ ማን አያውቅም? እዚያ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዷን ጥጃ በመሣሪያ ማንገቻ አሰርሁ፤ ሁለት ባዶ ጀሪካን ከብብቴ ሥር አደረግሁና ይዣት ገባሁ። ማዶ ወጥታ እንቧ ስትል እናቷ ተወረወረች። ሌሎቹም ተከተሉ። 'ጅራት ያዙ! ጅራቱን ብቻ!' ብየ ጮህሁ። ያዙ። አንዱ የላስታ ልጅ ፊቱን ሙሉ አዛባ ተቀብቶ ነው የወጣ። የመቶ አለቃው የያዛት ጊደር እስከ ጫካው ድረስ አልቆም ብላ ጎተተችው። ይኸው ነው። በዚህ ነው የሸለሙኝ።"

ያገራችን ሰው ምን ያለ ይመስላችኋል? ተናደደ! ከደምቢያ እስከ ፎገራ ክረምት በመጣ ቁጥር እረኛ ሁሉ የሚሠራውን! "እንዲህስ ከሆነ የእኔ እረኞች ጄኔራል ናቸው" አለ አንዱ። ሌላው ባለፈው ክረምት የጉማራን ወንዝ በሦስት ጊደር ተሻግሬያለሁና ሦስት ሜዳይ ይገባኛል አለ። አንዲት አሮጊት በስሕተት የተሰጠ ነገር ነው፣ መንግሥት ሳያውቅ በፊት መልሰው ብላ መከረችው። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፣ እምባዬ እስኪመጣ ድረስ ሳቅሁ። አሥራ ሁለቱ ታንኮቼ አንዲት ጥጃ ሆነው ሲመጡ ምን ላድርግ?

ሳቁ ሲበርድ ቢሻው "ሠላሳ ሰባት ሰው ወጣ" አለ። "ትሁን የሚባል የመንዝ ልጅ ነበር፤ መትረየስ ተሸካሚ። 'መትረየሱን ልቀቀው' አልሁት፤ 'የመንግሥት ነው፣ አልለቅም' አለኝ። እንዳቀፈው ወረደ። ገብቸ ላወጣው ነበር፤ ግን ፈራሁ። ጥጃዋን ይዠ ስገባም ፈርቸ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎክር ሲሉኝ የሚመጣብኝ እሱ ነው።"

እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አያ አዛናው ግን የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

"ፈራሁ አለ!" ብሎ ተነሣ። "ሜዳይ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ፈራሁ ይላል! ፈሪ ለእናቱ! በላም ጅራት ተንጠልጥሎ የምን ፍርሃት ነው?"

"አያ አዛናው፣ እርስዎ ይዘው ያውቃሉ?" አለ ቢሻው። ሊሰድበው አልነበረም፤ እንዲያው ጠየቀ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሽማግሌው ጠላውን አስቀመጠና ጣቱን ቀሰረ። "ስማ! እኔ አዛናው ነገ በላምህ ጅራት ርብን ተሻግሬ ቤቴ እገባለሁ። መካከል ላይ ልቤ ፍርሃት ካወቀ፣ ልጀን ውሰድ! ካላወቀ ደጀን አትርገጥ፤ ልጀ ለባለ ወፍጮው ናት!"

መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ጭራቸውን ዝቅ አድርገው "ልብዎ መፍራቱን ማን ያይልዎታል?" አሉት።

"እኔ እናገራለሁ! ሥላሴን! አዛናው ይዋሻል?"

ቢሻው "አይሆንም፤ ሰው ውሃ እየከተትሁ ሚስት አላገባም" ብሎ ለመነ። ማን ሰምቶት! መሐላው በሥላሴ ቀን በሥላሴ ስም ተምሏል። እኔ ከምድጃው ጥግ ሆኜ በሆዴ አለቀስሁ። የወንድሜ ትዳር የሚሆነው ያ ሰው በራሱ አፍ "ፈራሁ" ካለ ብቻ ነው። ያ አፍ!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገር ሁሉ ወንዝ ወረደ። ከማዶም የይፋግ በኩል ሰው ወሬው በጩኸት ተሻግሮለት ተሰብስቧል፤ ገላነሽ ከፊት ቆማ አየኋት። ርብ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ቢሻው የእናቴን ላም ሻሼን አመጣ። የእኛ ላሞች ጥጃ መቅደም አያሻቸውም፤ ማዶ ያለው ሣር ይበቃቸዋል።

"ጅራቷን ጫፉ ላይ ይያዙ" አለው። "ከኮቴዋ ይራቁ። አይጎትቷት፣ አይምቷት፣ አይዘዟት። እሷ ታውቃለች። ካፖርቱን ግን ያውልቁ።"

"ካፖርቴን? ጣልያን ያላስወለቀኝን?"

"አባቴ፣ ይከብድዎታል።"

"ሂድ ወዲያ!"

ገቡ። ሻሼ ከፊት፣ አያ አዛናው ከጅራቷ፣ ቢሻው በሌላ ላም ጅራት ከጎኑ። እኔ ይህን ከወዲህ ሆኜ ላየው? ቀሚሴን ታጠቅሁና ያገኘኋትን ጊደር ጅራት ይዤ ተከተልሁ። እናቴ ከኋላዬ ትራገማለች። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ፀሐዩ ሞቅ ያለ፤ ከተፋታሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ለላሚቱ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። "ቀጥ በይ! ወደ ቀኝ! ምን ዓይነት ላም ናት?" እግሩ መሬት ሲለቅ ድምፁ ቀጠነ። መካከል ላይ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጎተራ ተነፋ፤ ወደ ታች ይጎትተው ጀመር። ጅራቱ ከእጁ ስንዝር ስንዝር ሲያመልጥ አየሁ። ያኔ ጩኸቱን ለቀቀው። ገብርኤልን ጠራ፣ ሚካኤልን ጠራ፣ ሥላሴን ጠራ። ሰምቶ የመጣ ሲያጣ "እናቴ! እናቴ ድረሽልኝ!" አለ። እናቱ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል።

"ካፖርቱን ይልቀቁት!" አለ ቢሻው።

"አልለቅም! የእኔ ነው!"

የወንድሜ ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አመድ መሰለ። የላም ጅራት በመካከል ወንዝ መልቀቅ በእኛ አገር ሕፃንም የማያደርገው ነገር ነው፤ ቢሻው ለቀቀ። ተወርውሮ ሽማግሌውን ከኋላ አቀፈ፤ በጥርሱ ይሁን በእጁ እንጃ፣ ካፖርቱን ከትከሻው አወለቀው። ሁለቱ በአንድ ጅራት ተንጠለጠሉ። ሻሼ አንዴ ዘወር ብላ አየቻቸውና፣ በአፍንጫዋ ተነፈሰችና፣ መንገዷን ቀጠለች። ካፖርቱ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ጣና ወረደ።

ማዶ ወጣን። አያ አዛናው በሸሚዝ ብቻ ቆመ፤ ለካ ቀጭን ሰው ኖሯል፤ ከራሱ እስከ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያያል። የእኛም ወገን ከማዶ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። መሪጌታ እንኳ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው እንደሚያዳምጡ ይታየኛል። ጩኸቱን ሁላችንም ሰምተናል፤ ግን መሐላው በእሱ ቃል ነው።

ገላነሽ ቀረበችና በነጠላዋ ፊቱን ጠረገችለት። "አባየ፣ ፈርተው ነበር?" አለችው በለሆሳስ።

አያ አዛናው ውሃውን አየ፤ ልጁን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ደረቱን ነፋ፤ ዱላ ስላልነበረው ባዶ እጁን ሰበቀ፤ ሊፎክር ነው። አለቀልን አልሁ። ቢሻው ዓይኑን ጨፈነ።

"ያ አዛናው፣ ያ አዛናው፣ ጥይት ያልመለሰው፣
በላም ጅራት ላይ ነው እናቱን ያስታወሰው!"

በሁለቱም ዳር እልልታው ሲነሣ ላሞቹ ደነበሩ። እኔ ጭቃው ላይ ዘለልሁ፣ ወደቅሁ፣ ደግሞ ዘለልሁ። ሽማግሌው ግን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘን። አልጨረሰም ነበር።

"ፈራሁ" አለ፤ ይህን ያለው ያለ ግጥም ነው። "ዛሬ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜም፣ በጣልያንም ጊዜ እፈራ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ስንት ገደልህ ሲሉኝ ኖሩ። ፈራህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ቢሻው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። አያ አዛናውም ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ። የሁለቱም ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

"እስቲ አንተ ንገረኝ" አለው ሽማግሌው። "ያ የመንዙ ልጅ፣ ትሁን፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር?"

ወንድሜ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ይነግረው ጀመር።